ኦርጋኒክ ውስኪ ለደም ግፊት ይሻላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በኤድንብራ ነው። ለአማቴ ስጦታ ስፈልግ በእርሻ ላይ በሚገኝ ማምረቻ የተዘጋጀ፣ «ኦርጋኒክ ሲንግል ሞልት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ውስኪ አገኘሁ፤ ዋጋው ግን ከሌሎቹ ይበልጣል። አማቴ የደም ግፊት መድኃኒት ስለሚወስዱ ይኸኛው ይሻላቸው ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ኦርጋኒክ የሚለው ምስክርነት ስለ ገብሱና ስለ አመራረቱ እንጂ ስለ አልኮሉ የሚናገረው ነገር የለም። ገበሬው ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ አረም ኬሚካል ትቶ የመሬቱን ለምነት በፍግ፣ ሰብል በማፈራረቅና ናይትሮጅንን ለአፈሩ የሚመልሱ እንደ ማገጥ ያሉ ተክሎችን በመዝራት ስለሚጠብቅ፣ ከማሳው የሚያገኘው ምርት አብዛኛውን ጊዜ ያንሳል፤ ለዋጋው መወደድ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ይህ ለአፈሩና ለንቦቹ ትልቅ ነገር በመሆኑ ዋጋው በከንቱ ተጨምሯል አንልም።

ሲንግል ሞልት ማለት ደግሞ ከገብስ ብቅል ብቻ በአንድ ማምረቻ የተዘጋጀ ማለት ነው። ጠላ ሲጠመቅና አረቄ ሲወጣ ላየ ሰው ሥራው እንግዳ አይሆንበትም፤ ገብሱ ተነክሮ ይበቅላል፣ ደርቆ ይፈጫል፣ ጣፋጩ በሙቅ ውኃ ይወጣል፣ በእርሾ ይፈላል፣ ከዚያም በመዳብ ጋን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ከጋኑ የሚንጠባጠበው መጠጥ እንደ ውኃ የጠራ ነው፤ በስኮትላንድ ሕግ መሠረት ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል ይቆያል፣ ሲታሸግም አልኮሉ ከ40 በመቶ ማነስ የለበትም።

በእርሻ ላይ ተመረተ መባሉም ብቻውን ኦርጋኒክ አያደርገውም። በስኮትላንድ አይላ ደሴት በ2005 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ኪልሆማን የተባለው ውስኪ ማምረቻ ከገብሱ ከፊሉን በራሱ እርሻ ያመርታል፤ ሆኖም መለያው ኦርጋኒክነት አይደለም። በስኮትላንድ ሞርቨርን በሚባል አካባቢ የሚገኘው ኑክኒያን የተባለው ማምረቻ በበኩሉ ኦርጋኒክ የስኮትላንድ ገብስ ገዝቶ ይጠቀማል። ስለዚህ በጠርሙሱ ላይ የአረጋጋጩን ድርጅት መለያ፣ «ጂቢ-ኦርግ» (GB-ORG) ከሚለው ቀጥሎ ቁጥር ያለበትን፣ ይፈልጉ።

አማትዎን በተመለከተ ግን አልኮል የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግና ከአንዳንድ መድኃኒቶች ጋር ስለማይስማማ፣ ገብሱ በምንም ዓይነት ማሳ ቢበቅል ለውጥ አያመጣላቸውም። ሐኪማቸው መጠጥ እንደፈቀደላቸው በባለቤትዎ በኩል ሳያረጋግጡ ውስኪውን ባይገዙ እንመክራለን፤ ካልተፈቀደላቸው ጥሩ የስኮትላንድ የሱፍ ሹራብ ይውሰዱላቸው።