ደብዳቤያችሁ ውስጥ ገዢው የለም

ጥያቄ፦ ሦስት ጓደኛሞች ነን። ሁለታችን ባዮቴክኖሎጂ ነው የተማርነው፣ አንዷ ኬሚካል ኢንጂነር ናት። ክትባት የሚያመርት ኩባንያ ልናቋቁም አስበናል። ያስተማሩንን ፕሮፌሰር ሥራ አስኪያጅ ብናደርጋቸው ምን ይመስላችኋል? በታዳጊ አገሮች እንዲህ ያሉ ኩባንያዎችን ለስኬት የሚያበቃቸውስ ምንድን ነው? ድርሻውን እኩል እንካፈል?

መልስ፦ ደብዳቤያችሁ ውስጥ እናንተ አላችሁ፣ ፕሮፌሰሩ አሉ፣ ገዢው ግን የለም። ክትባትን በብዛት የሚገዛው መንግሥት ነው፣ ወይም እንደ ዩኒሴፍ ያለ ድርጅት። ስለዚህ ማሽን ከማዘዛችሁ በፊት ማን፣ ስንት ዶዝ፣ ለስንት ዓመት እንደሚገዛችሁ እወቁ። የደቡብ አፍሪካው መድኃኒት አምራች አስፐን በኮቪድ ጊዜ የጆንሰን ኤንድ ጆንሰንን ክትባት በራሱ ስም ለአፍሪካ እንዲሸጥ ፈቃድ አገኘ። ፋብሪካው አለ፣ ባለሙያው አለ፣ ጭብጨባውም አልቀረም። በ2022 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ግን አንድ እንኳ ትዕዛዝ ጠፋ! ወሬው ሌላ፣ ትዕዛዙ ሌላ።

የማጅራት ገትር ክትባቱ ሜንአፍሪቫክ የሄደበት መንገድ ግን የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ የአፍሪካ አገሮች ስንት መክፈል እንደሚችሉ ተጠየቀ፤ ለአንድ ዶዝ ከግማሽ ዶላር በታች ሆነ፤ የህንዱ ሴረም ኢንስቲትዩትም በዚያ ዋጋ ለማምረት ተስማማ። በ2010 ዘመቻው ሲጀመር ተቀባዮቹ አገሮች ከመጀመሪያውም ሲጠብቁት የነበረ ክትባት ነው።

ሁለተኛው ጥራት ነው፣ እዚህ ላይ ጨክኑ። ሻንታ ባዮቴክኒክስ የሚባል የህንድ ኩባንያ ሄፓታይተስ ቢ ክትባትን በርካሽ አምርቶ ስሙን ተክሏል። በ2010 ግን አምስት በሽታ የሚከላከለው ክትባቱ ብልቃጥ ላይ ነጭ ዝቃጭ ተጣብቆ ታየ። የዓለም ጤና ድርጅት ዕውቅናውን አነሳበት፤ ዩኒሴፍ ደግሞ ያለዚያ ዕውቅና አይገዛም። ክትባቱ ዕውቅናውን መልሶ ያገኘው በ2014 ነው። አራት ዓመት ያለዚህ ክትባት ሽያጭ ደመወዝ መክፈል ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ስለዚህ የጥራት ኃላፊው አለቃ የምርት ኃላፊው መሆን የለበትም። አንድ ባች (በአንድ ዙር የተመረተ ክትባት) እንዳይወጣ "አይሆንም" ሲል ማንም፣ እናንተም ጭምር፣ ውሳኔውን ሊሽር አይችልም።

ፕሮፌሰሩን በተመለከተ፦ አማካሪ አድርጓቸው። ሳይንስ ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ከባንክ፣ ከጉምሩክና ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጋር ቀኑን ሙሉ መጨቃጨቅ ሌላ። የሻንታ መሥራች እኮ የኤሌክትሮኒክስ ኢንጂነር ነበር፣ የባዮሎጂ ሰው እንኳ አይደለም።

ደግሞ በቀጥታ ክትባት ላይ መዝለሉ አያምረኝም። ባዮኮን የሚባለው የህንድ ኩባንያ በ1978 ሲጀምር የሚሸጠው ኢንዛይም ነበር፣ ከፓፓያ የሚወጣውን ጨምሮ፤ ኢንሱሊኑን ለገበያ ያቀረበው በ2004 ነው። እናንተም ክትባቱ ፈቃድ እስኪያገኝ ዓመታት ስለሚፈጅ፣ እስከዚያ ኪራይ የሚከፍል ቀላል ምርት ወይም የላብ አገልግሎት ይኑራችሁ።

ድርሻውን እኩል መካፈሉ ችግር የለውም፣ ግን ሁሉንም ዛሬ አትስጡ። አንዳችሁ በሁለተኛው ዓመት ስኮላርሺፕ አግኝታችሁ ብትሄዱ የኩባንያው ሲሶ አብሮ ይሄዳል። ድርሻው በየዓመቱ እየተሠራበት የሚገኝ ይሁን፣ ውሉ ላይም ይግባ። ሐሳቡ የተወለደው ዩኒቨርሲቲው ላብ ውስጥ ከሆነም ፓተንቱ (የፈጠራው ባለቤትነት መብት) የማን እንደሆነ አሁኑኑ በጽሑፍ ጨርሱ፤ ባለሀብት ከመጣ በኋላ ከሆነ ዋጋው ይወደዳል።