«ያኔ እታዘዛለሁ» ላልከኝ ወንድሜ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ዋሉ? ቡሬ እህል ነጋዴ ነኝ። ጾም አልሽርም፣ ቅዳሴም አላስታጉልም። ልቤ ግን እረፍት የለውም። አብረውኝ የጀመሩት ባሕር ዳር ቤት ሠርተዋል፣ እኔ አሁንም ተከራይ ነኝ። ሚዛን ላይም እንደ ሰዉ ትንሽ ትንሽ እነካካለሁ፣ ካልሆነ አይዘለቅም። እግዚአብሔር ኑሮዬን ሲያስተካክልልኝ፣ ልቤም ሲረካ፣ ያኔ እንደ ቃሉ እኖራለሁ እላለሁ። ስህተት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ ጾሙና ስለ ቅዳሴው አላነሳብህም፣ ታውቀዋለህ። እኔን ያስቆመችኝ «ያኔ» የምትለዋ ቃል ናት። ስንቱ ነው እንዲህ ያለኝ! ልጄ ሲመረቅ፣ ዕዳዬን ስከፍል፣ ባሕር ዛፉ ሲሸጥ። ልጁም ይመረቃል፣ ባሕር ዛፉም ይሸጣል፣ «ያኔ» ግን አትመጣም። እርካታን እንደ ቀብድ ነው የምናየው፤ እግዚአብሔር አስቀድሞ ይክፈል፣ ከዚያ እንታዘዛለን።

ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁና» ብሎ የጻፈው (4፥11) በእስራት ሆኖ ነው። ደግሞ ልብ በል፣ ተሰጠኝ አላለም። ተምሬአለሁ ነው ያለው። ጎጃም ያደገ ሰው የቅኔ ተማሪ ያውቃል፤ ቁራሹን ለምኖ፣ ደበሎውን ለብሶ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። የሚጀምረው ከቅኔ ሁሉ አጭር በሆነው በጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ቤት ብቻ (የቅኔውን ቤት፣ ስንኙን ነው የምልህ፣ የባሕር ዳሩን አይደለም)። እኔም በእሷ ስንት ቀን ተመልሻለሁ። ስምንት ቤቱ መወድስ ሲመጣልኝ ጉባኤ ቃና እጀምራለሁ የሚል ተማሪ ቢገጥምህ አትስቅም? ይበቃኛል ማለትም እንዲሁ ነው፣ ባልረካ ልብ እየታዘዙ ነው የሚለመደው። ነግድ፣ አትርፍ፣ ቤትም ሥራ፣ ማንም አልከለከለህም።

ወደ ሚዛኑ ልምጣ። እንደ ዋዛ ጣል አድርገህ አልፈኸዋል፣ ለእኔ ግን ሕመሙ እዚያ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» ይላል (11፥1)። ለእኛ አባይ ሲባል ወንዙ ነው የሚታወሰን፤ ይሄኛው አባይ ግን ውሸታሙ ነው። ያቺ የምትነካካት ኪሎ የማን ናት? ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ጤፍ ሲያርም ከርሞ፣ በአህያ ጭኖ በሌሊት የመጣው ገበሬ ናት። ማታ አቡነ ዘበሰማያት ደግመህ የዕለት እንጀራችንን ስጠን ትላለህ፣ የእሱን የዕለት እንጀራ ግን መጋዘንህ ውስጥ ዘግተህበታል። ልብህ እንዴት ይረፍ? ቤት ስላልሠራህ መስሎሃል። እንቅልፍ የነሳህ ሕሊናህ ነው፣ እሱ ደግሞ ባሕር ዳር ሦስት ፎቅ ብታቆምም ዝም አይልልህም።

«ካልሆነ አይዘለቅም» ላልከው ፍርሃትህ ይገባኛል። ትርፍህ ሊቀንስ ይችላል፣ አልዋሽህም። ዕብራውያን 13፥5 ላይ «ያላችሁም ይብቃችሁ» ካለ በኋላ የተሰጠው ተስፋ «አልለቅህም ከቶም አልተውህም» የሚል ነው። ትከብራለህ አይልም።

ለሚቀጥለው ገበያ ሚዛንህን አስተካክለህ ቁም። የጎዳኸውን ገበሬ የምታውቀው ከሆነ መልስለት፣ ዘኬዎስም መልሷል። ካላወቅከው ምን እንደምታደርግ የንስሐ አባትህ ይነግሩሃል። እሳቸው ዘንድ ስትሄድ ታዲያ ስለ ቤቱ አትጀምርላቸው። ከኪሎዋ ጀምር።