ውሃ ጓሮ ሲገባ፦ ከክረምት በፊት የመጡ ጥያቄዎች

ባለፈው ጽሑፌ የባንግላዴሽ ባሕር ዳር ሴቶች ቤታቸውንና ጓሯቸውን ለጎርፍ እንዴት እንደሚያዘጋጁ ትንሽ አንስቼ ነበር። ጥያቄው በዛ። ገሚሱ ከጎንደር ከተማ፣ ገሚሱ ከደምቢያ ነው። ሰኔ ሳይገባ መልስ የሚፈልጉትን አስቀድሜያለሁ።

“አገራችን ባሕር የላትም። የባሕር ዳርቻ ሴቶች ነገር ለጎንደር ሰው ምን ይረባዋል?” (ከማራኪ)

ማራኪ ላይ ሆኖ ለሚያየው ላይረባው ይችላል። ግን ጎንደር ላይ የዘነበው ዝናብ የት ይሄዳል? የመገጭ ወንዝ ይዞት ይወርዳል። ደምቢያ ሲደርስ መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ውሃው መሄድ ያቅተውና ይተኛል። ከዚያ ወዲያ ጣና ነው። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ ግን 14 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሰኔ ላይ ይጎድላል፣ መስከረም ላይ ይሞላል፤ በመካከሉ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ዝቅ ይላል። ዳርቻው ሜዳ ስለሆነ ትንሽ ሲጨምር ብዙ ማሳ ይውጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራ፣ ሊቦ ከምከምና ደምቢያ የደረሰባቸውን ጎርፍ የሚያስታውስ ሰው ይህን ለማስረዳት አያስቸግርም።

አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መሸከም ይችላል። ስለዚህ ሲዘንብ ዱብ ያደርገዋል፤ ይህ ለባሕር ዳሩም ለሐይቅ ዳሩም እኩል ነው። የሚለየን ጨው ነው። ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ2009 አይላ የተባለው አውሎ ነፋስ መከላከያውን ግድብ ጥሶ የባሕር ውሃ ማሳ ላይ አስተኛባቸው። አፈሩ ጨው ጠጥቶ ቀረ፤ የኩሬው ውሃም አልጠጣ አለ። ሴቶቹ ከቆርቆሮ ጣሪያ የዝናብ ውሃ በጋን በበርሜል ማጠራቀም ግድ ሆነባቸው። እኛን እግዜር ከዚህ አድኖናል፤ ጣና ጨው የለውም። እንግዲህ ከእነሱ ብልሃት የምንወስደውም የምንተወውም አለ።

“ቤታችን የጭቃ ነው። ነሐሴ ላይ ውሃ ከሥር ይገባል። አምና ጎታዬ ፈረሰብኝ። ባለቤቴ ግድግዳውን በሲሚንቶ እናስለስን ይላል። ይሻላል?” (ከቆላ ድባ ዙሪያ)

እህቴ፣ ሲሚንቶው ይቆይ። አፈራችሁ ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ያብጣል፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ ቤቱንም አብሮ ያንቀሳቅሰዋል። የጭቃ ግድግዳ ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ ይህን አይችልም፤ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ ደግሞ መውጫ ያጣና ጭቃውንና ማገሩን ውስጥ ለውስጥ ያበሰብሳል። ከላይ ሲያዩት ያምራል፤ አንድ ቀን ግን ቅርፊቱ ብቻውን ቆሞ ያገኙታል። ገንዘቡን ወደ መሠረቱ ያውሉት።

የባንግላዴሽ ገጠር ሰው ከቤቱ አጠገብ ኩሬ ይቆፍራል፤ ከኩሬው በወጣው አፈር ከፍ ያለ መደብ ይሠራና ቤቱን እዚያ ላይ ያቆማል። ጎርፍ በመጣ ቁጥር የመደቡ ጎን ይሸረሸራል። ውሃው ሲጎድል ሴቶቹ በጭቃና በእበት መልሰው ይመርጉታል። ምርጊትና እበት እንዴት እንደሚለወስ ለደምቢያ ሴት መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ እሱን እተወዋለሁ።

መጀመሪያ የከፍታውን ነገር ይወስኑ። ለዚህ መሐንዲስ አያስፈልግም። አማትዎን ወይም በሠፈሩ ያሉትን አንዲት አሮጊት “የ1998ቱ ውሃ የት ደርሶ ነበር?” ብለው ይጠይቁ። “እዚህ ምሰሶ ላይ፣ እዚህ ደፍ ላይ” ብለው በጣታቸው ያሳዩዎታል። ከዚያ በላይ አንድ ክንድ ይጨምሩ። አዲስ ቤት የምትሠሩ ከሆነ ዙሪያውን በድንጋይ ካብ ክበቡ፤ ውስጡን በጠጠርና በቀይ አፈር ሙሉት እንጂ እዚያው ቆፍራችሁ ባወጣችሁት ዋልካ እንዳትሞሉት። ስስ ስስ እያደረጋችሁ ርገጡት። አንዴ ከምሮ ከላይ መደልደል ዋጋ የለውም፤ በመጀመሪያው ክረምት ይሰምጣል።

ቤቱ የቆመ ከሆነ ግን ማንሳት አይቻልም። ያኔ በውጭ በኩል ግድግዳውን ተጠግቶ ዝቅ ያለ ካብ ይሠሩ። የጣሪያው ክፈፍ አጭር ከሆነ ያስረዝሙት፤ ፍሳሹ ከግድግዳው ራቅ ብሎ እንዲወድቅ ነው። ማሳ ላይ ፈሰስ እንደምታወጡት ሁሉ ለቤቱም ፈሰስ አውጡለት። ብቻ ወደ ጎረቤት ደጅ እንዳይሆን፤ ከጎርፉ የባሰ ጠብ ያመጣል።

አሁን ወደ ጎታው። ጎታ ከጭቃና ከእበት የተሠራ ነገር ነው፤ ውሃ ሲነካው ከሥሩ ይርሳል፣ ሆዱ ይተረተራል፣ እህሉም ወለል ላይ ይፈሳል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርድረው ወይም ወፍራም እንጨት አጋድመው ከወለሉ ጉልበት ያህል ከፍ ያድርጉት። ከሥሩ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ካለ አየር ይገባዋል፣ አይጥም ምስጥም ይታያል። ዘር ግን ጎታ ውስጥ አይተዉ። ዘርና አንድ እቅፍ ደረቅ ማገዶ ቆጥ ላይ ይውጡ። ጎርፍ ባለቀ ማግስት ከሁሉ በፊት የሚቸግረው ደረቅ እንጨት ነው፤ ባንግላዴሾች ለዚህ ብለው ተነስታ ቆጥ ላይ የምትወጣ ትንሽ የሸክላ ምድጃ አላቸው።

በነገራችን ላይ የጎርፍ ስብሰባ ሲጠራ ብዙ ጊዜ የሚጠራው አባወራው ነው። ቤቱን የምትመርገው፣ ጎታውን የምትሠራው፣ ውሃው በየት በኩል እንደሚገባ የምታውቀው ግን እቤት ትቀራለች። ይህ ሁሌም ያናድደኛል።

“ባንግላዴሽ ውስጥ በእምቦጭ ላይ አትክልት እንደሚያበቅሉ በስልክ አየሁ። እኛ ዘንድ እምቦጭ ሞልቷል። ለምን አንሞክርም?” (የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከጎርጎራ)

ጎበዝ! ያየሽው እውነት ነው። እምቦጩን ከምረው፣ ረግጠው፣ እያበሰበሱ ተንሳፋፊ መደብ ይሠራሉ። ሴቶቹ የረጠበ የበሰበሰ ቅጠል በእጃቸው እያድበለበሉ፣ መሃሉ ዘር እየሸጎጡ ችግኝ ያፈላሉ፤ ከዚያ መደቡ ላይ ይተክሉታል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም አቀፍ ደረጃ ከሚጠበቁ የግብርና ቅርሶች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል።

ጣና ላይ ግን አልመክርሽም። የእነሱ ውሃ ሜዳ ላይ የተኛ፣ ማዕበል የሌለው ነው። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳበት እንዴት እንደሚሆን አንቺ ከእኔ ታውቂያለሽ። ዛሬ እዚህ ዳር የነበረ የእምቦጭ ምንጣፍ ነገ ሌላ ዳር ነው፤ የእናትሽ ቆስጣ ዘጌ ሄዶ ቢበቅል ማን ያመጣላታል? ሌላው ደግሞ ብልሃርዝያ ነው፤ በሐይቁ ዳርቻ አለ። እምቦጭ ለመሰብሰብ ውሃ ውስጥ ገብቶ መዋል በሽታን መጋበዝ ነው። በዚያ ላይ እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 በመገጭ መግቢያ አካባቢ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰዉ በእጁ እየነቀለ ስንት ክረምት ለፋ! አሁን እንደ ንብረት አልምተን ብንይዘው ማን ዝም ብሎ ያየናል?

የተነቀለውንና ዳር ላይ የተከመረውን ግን ተጠቀሙበት። በደንብ ከደረቀ በኋላ ከእበትና ከአመድ ጋር እያፈራረቃችሁ ከምሩት፣ ጥሩ ኮምፖስት ይሆናል። አበባ ያወጣውን ግን አትንኩት። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ሃያ ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል፤ ኮምፖስቱም ወደ ቦይና ወደ ወንዝ ዳር አይሂድ።

“ክረምት ላይ ጓሮው ውሃ ይተኛበታል። ጎመኑ ቢጫ ሆኖ ይሞታል። መላ አለው?” (ከሮቢት)

አለው። ጎመኑን የሚገድለው የውሃው ብዛት ሳይሆን ሥሩ አየር ማጣቱ ነው። አሮጌ የማዳበሪያ ጆንያ ፈልጉ። አፈርና የበሰበሰ ፍግ እኩል ቀላቅሉ። ጆንያው መሃል ታችና ላዩ የተቆረጠ የዘይት ጣሳ አቁሙና ጠጠር ሙሉበት፤ ዙሪያውን አፈር ጨምሩ፤ ጣሳውን ሳብ አድርጋችሁ እንደገና ጠጠር፣ እንደገና አፈር። እስከ አፉ ሲደርስ መሃሉን የጠጠር ዓምድ ይዞ ይቀራል፤ ውሃ የምታጠጡት በዚያ ነው። ጎኑን በቢላ እየበሳችሁ ቆስጣና ጎመን ትከሉ፣ አናቱ ላይ ቃሪያ። ከሥሩ ድንጋይ አድርጉለት። ዶሮ ካለ በእሾህ ይታጠር፤ አለዚያ ለዶሮ ነው የደከማችሁት።

“ውሃው ሲሸሽ ባለቤቴ ጓያ ዘራ። አማቴ ደግሞ የጓያ እንፋሎት እግር ይሰብራል ይላሉ፤ ከምጣዱም አያስጠጉኝም። እውነት ነው?” (ከደምቢያ)

እንፋሎቱ ምንም አያደርግም። አማትዎ ግን ከመሬት ተነስተው አይደለም የፈሩት። በ1969 ዓ.ም. አካባቢ ደምቢያና ፎገራ ውስጥ በጓያ ሰበብ ብዙ ሰው እግሩ ሽባ ሆኖ ቀርቷል፤ የአማትዎ ትውልድ ያን በዓይኑ አይቷል። ጓያ ድርቁንም ውሃ የተኛበትን መሬትም ይችላል፤ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ እሱ ይቀራል። ጉዳቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ ሌላ እህል ሲጠፋ ቤተሰቡ ለወራት ጓያ ብቻ ይበላል። ጎረምሶች ላይ ይበረታል።

ሌሊቱን ዘፍዝፈው ውሃውን ይድፉት። ሲቀቅሉም የመጀመሪያውን ውሃ ይድፉ። ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከማሽላ ጋር ይቀላቅሉት። የጓያ ቂጣና ቆሎ ለልጆች የዘወትር ምግብ አይሁን፤ ሽሮ ውስጥ ትንሽ ቢገባ ግድ የለም። ሽንብራም ውሃ በሸሸበት መሬት በቀረው እርጥበት ይደርሳል። ባለቤትዎ ለከርሞ ግማሹን ማሳ ሽንብራ ቢዘሩት ደስ ይለኛል።

“ከግቢያችን ጥግ ማንጎ ልተክል ስል ባለቤቴ ‘መሬቱ በኔ ስም ነው’ አለኝ።” (ቦታ ያልጠቀሱ)

የመሬት ይዞታ ደብተሩን አውጥተው ይዩት። በአማራ ክልል ባልና ሚስት በጋራ ለያዙት መሬት ደብተሩ ላይ የሁለቱም ስም ይሰፍራል። የእርስዎ ከሌለ ወደ ቀበሌው የመሬት አስተዳደር ሄደው ይጠይቁ። ማንጎውን ደግሞ ጉብታ ሠርተው ይትከሉት፤ ውሃ የሚተኛበት ጉድጓድ ውስጥ ችግኙ አይዘልቅም።

“ባሕር ዛፍ ውሃ ይመጥጣል ይባላል። ጓሮው እንዲደርቅ ከቤቱ ሥር ብተክልስ?” (ከአዘዞ)

ይመጥጣል፤ ግን ነሐሴ ላይ ሜዳውን የሞላውን ውሃ ጠጥቶ አይጨርስም። የሚጠጣው በጋውን ሙሉ ነው፤ ያኔ ዋልካውን የባሰ ያደርቀዋል፣ መሠረቱም ይሰነጠቃል፣ አጠገቡ ያለ ጎመንም አይሆንለትም። የግድ ከሆነ ከቤቱም ከጓሮውም አርቀው፣ የዛፉ ቁመት የሚደርስበትን ያህል ለቀው ይትከሉት። ወደ ጎረቤት ድንበርም አያስጠጉት።