የዶክትሬት ውሉን ከመፈረምህ በፊት አክስትህን አነጋግራቸው

ጥያቄ፦ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ፤ የምኖረው ሐረር ነው። ውጭ አገር ለዶክትሬት ተቀባይነት አግኝቻለሁ፣ የምዝገባው ቀንም ደርሷል። መሥሪያ ቤቴ ደመወዜን እየከፈለ ሊያስተምረኝ ተስማምቷል። ግን ተመልሼ የማገለግልበትን ጊዜ የሚወስን ውል ፈርም ብሎኛል። ዋስ ችግር የለም፣ ድሬዳዋ ያሉት አክስቴ ይፈርሙልኛል። ድንገት ብቀር ምን ያህል ይጠይቁኛል? ሌላስ ምን ሰነድ ላዘጋጅ?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። ከሰነዱ ልጀምር፤ እሱ ቀላል ነው። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የተረጋገጠ ዲግሪና ትራንስክሪፕት ከጠየቀ፣ ማረጋገጫው እስከ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ስለሚዘልቅ ዛሬውኑ ጀምር። የምዝገባው ቀን የሚያጣብብህ ከሆነ መግቢያህን እንዲያስተላልፉልህ በጽሑፍ ጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዝ። ትምህርቱን ስትጨርስ የአቻ ግምት፣ ማለትም የውጭ ዲግሪህ ከአገር ውስጡ ጋር እኩል መሆኑን ማረጋገጫ፣ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ከመሄድህ በፊት ለምታምነው ሰው በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት የጸደቀ ውክልና ስጥ። ለማስተርስ የገባኸው የአገልግሎት ግዴታ ካለ፣ እሱን ስለመጨረስህ ምንም አልነገርከኝም። ካልጨረስክ ያ ቀሪ ዓመት በአዲሱ ላይ ይደመር እንደሆነ የሰው ሀብት ክፍሉን ጠይቀህ ደብዳቤ ተቀበል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። "ድንገት ብቀር" ትላለህ። ድንገት የሚቀር ሰው ሳይሄድ ሒሳቡን አይጠይቅም። ልቆጣህ አይደለም፣ የብዙ ወጣት መምህራን ሐሳብ ነው። ስንት ትከፍላለህ ለሚለው መልሱ ያለው ውሉ ላይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው። ሳትሠራ የተከፈለህ ደመወዝ፣ የትምህርት ክፍያ፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ መቀጫም ካለ እሱም ሊደመርብህ ይችላል። ውሉን ግን አልላክህልኝም። ሳላነበው ቁጥር ብነግርህ አሳስትሃለሁ።

የምፈራው ግን ለአንተ አይደለም፣ ለአክስትህ ነው። ስለ እሳቸው የጻፍከው አንድ መስመር ነው። ባለትዳር ናቸው? ባላቸው ያውቃሉ? ፎርሙን አንብበውታል? "ለልጁ ትምህርት ነው፣ ፎርማሊቲ ነው" ተብለው ይሆን? ዋስ ሆነው ተከሰው ወደ እኔ ከሚመጡት ሰዎች አብዛኞቹ "ፎርማሊቲ ነው ብለውኝ ነው" ይላሉ። ፍርድ ቤት ግን የሚያየው ፊርማውን ነው።

ዋስትና ማለት አንተ ያልፈጸምከውን እሳቸው ሊፈጽሙ መግባታቸው ነው። ፎርሙ ላይ "በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነኝ" የሚል ሐረግ ፈልግ። ካለ፣ በዚያው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1933 መሠረት መሥሪያ ቤቱ አንተን መፈለግ አይጠበቅበትም፤ በቀጥታ እሳቸውን መክሰስ ይችላል። አንተ ውጭ አገር ሆነህ ስልክ ባታነሳ እሳቸው ድሬዳዋ ባለው ቤታቸው የፍርድ ቤት መጥሪያ ይቀበላሉ። ከከፈሉ በኋላ አንተን መልሰው የመጠየቅ መብት አላቸው። ግን የእህታቸውን ወይም የወንድማቸውን ልጅ የሚከስሱ ይመስልሃል?

ትልቁ ወጥመድ ባዶው ቦታ ነው። አንቀጽ 1922 ዋስትና በግልጽ መሰጠት እንዳለበት ይላል። ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ በውሉ ካልተጻፈም ዋስትናው ዋጋ የለውም። ሰዎች ግን ብሩ የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ትተው ይፈርማሉ፤ "በኋላ እንሞላዋለን" ይባላሉ። በኋላ የተሞላው ቁጥር ከፊርማው በፊት አልነበረም ብሎ ማስረዳት እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ አክስትህ መጠኑ በአሃዝም በፊደልም ተጽፎ ሳያዩ እንዳይፈርሙ፤ የፈረሙበትን ሙሉ ኮፒም ይውሰዱ። ዋስትናው እስከ መቼ እንደሚቆይም ይጻፍ። ዶክትሬት ደግሞ በተባለው ጊዜ እምብዛም አያልቅም። ማራዘሚያ ስትጠይቅ የእሳቸው ግዴታም አብሮ ይራዘማል ወይ የሚለው ከአሁኑ ይለይ።

ባለትዳር ከሆኑ ሌላ ነገር ይመጣል። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። አንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ ለሆነ ዕዳ ዋስ መሆን የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ዛሬ 500 ብር ምን እንደሚገዛ ታውቃለህ፤ ስለዚህ የአንተ ዋስትና ከነጭራሹ ያልፈዋል። ባልየው ካልተስማሙ አንቀጽ 69 ፍርድ ቤት እንዲያፈርሰው የመጠየቅ መብት ይሰጣቸዋል። ይህም ካወቁበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር፣ በማንኛውም ሁኔታ ግን ግዴታው ከተገባ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ሐረር የሚኖሩ ቢሆኑ ኖሮ የክልሉን የቤተሰብ ሕግ ማየት ነበረብን።

እዚህ ላይ "ጥሩ፣ በኋላ ይፈርሳል ማለት ነው" የምትል ከሆነ ተው። ጊዜው ካለፈ አይፈርስም። ቢፈርስ ደግሞ መሥሪያ ቤትህ ትምህርት መሐል ላይ ሌላ ዋስ አምጣ ሊልህ ይችላል፤ የአክስትህ ቤት ውስጥ የሚነሳውን ጠብ ደግሞ አንተ ገምት። 10 ዓመት ዝም ብል ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ ገደብ፣ ያግደዋል የሚለውም ወሬ አያጽናናህ። የይርጋው ጊዜ መቁጠር የሚጀምረው ከፈረምክበት ቀን ሳይሆን ግዴታውን መጠየቅ ከሚቻልበት ቀን ነው።

እውነት ለመመለስ ከፈለግህ ውሉ አያስፈራህም። ለመቅረት እያሰብክ ከሆነ ግን ለአክስትህ ሳትነግራቸው አታስፈርማቸው፤ ካወቁ በኋላ መፈረም አለመፈረሙ የእሳቸው ምርጫ ነው።

ይህ መልስ አጠቃላይ ነው፣ ውልህን ያየ ሰው ምክር አይተካም። ረቂቁንና የዋስትናውን ፎርም ሳትፈርም ኮፒ አስደርገህ፣ የቅበላ ደብዳቤህን ጨምረህ፣ በአቅራቢያህ ላለ ጠበቃ አሳይ። ከቻልክ አክስትህንና ባላቸውንም ይዘህ ሂድ።