«የአጭር ጊዜ ትዝታ» ይባላል?

ጥያቄ፦ ሥነ ልቦና አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «የአጭር ጊዜ ትዝታ»፣ «የረጅም ጊዜ ትዝታ» ብለው ይጽፋሉ። «ትውስታ» በሉ ስላቸው «ሁለቱ አንድ ናቸው» ይሉኛል። ትክክሉ የቱ ነው?

መልስ፦ እርስዎ ያሉት ነው። ሁለቱን ቃላት አንድ የሚያደርጉ ሰዎች ሰዋስዉን ልብ አላሉትም። «ትዝ አለኝ» እንደ «ራበኝ»ና «ደከመኝ» ነው፤ ሰውየው ተሳቢ እንጂ ባለቤት አይደለም። ስለዚህ «አስታውስ» ብለን እናዛለን፤ «ትዝ በል» የሚል ግን የለም። «ታወሰኝም እኮ እንደዚያው ነው» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ግን «አስ-» ሲጨመርበት «አስታወሰ» ይሆንና ሰውየው አድራጊ ይሆናል። «ትዝ አሰኘኝ» ስንል ግን ያው ተሳቢ ነን። «ትውስታ» እንግዲህ ፈልገን የምናወጣውንም፣ ሳንፈልገው የሚመጣውንም ይይዛል። «ትዝታ» ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ዘመን ያለፈበትና ስሜት ያዘለ ነው፤ ቅኝቱም ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም።

አሁን «የአጭር ጊዜ» የሚባለውን፣ ማለትም ስልክ ቁጥር ሰምተው እስኪደውሉ የሚይዙትን ያስቡ። ካልደጋገሙት 20 ሰከንድ ሳይሞላ ይጠፋል። መጠኑም ትንሽ ነው፦ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆርጅ ሚለር በ1956 እ.ኤ.አ. 7 ገደማ ነገሮች ብሎ ነበር፤ ኋላ የሙያ ባልደረባው ኔልሰን ካወን ወደ 4 አወረደው። 10 አሃዝ በአንድ ትንፋሽ የነገሩን ጊዜ የሚያመልጠን፣ ከፋፍለው ሲነግሩን የሚቀለን ለዚህ ነው። ይህን «ትዝታ» ማለት ቃሉን መበደል ነው።

ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤንደል ተልቪንግ በ1972 እ.ኤ.አ. የረጅም ጊዜውን ለሁለት ከፍሎታል። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መሆኑን ሁላችን እናውቃለን፤ የዋለበት ግን በሕይወት የለም። ይህን «የዕውቀት ትውስታ» እለዋለሁ። የራስዎ የሠርግ ቀን «የገጠመኝ ትውስታ» ነው፤ «ትዝታ» ቢገባ የሚገባው እዚህ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት በቃል አይወጣም። እንጀራ ጋጋሪ ሊጡን ከዳር ጀምራ እያዞረች ወደ መሀል ስታፈስ፣ ቅጥነቱን እንዴት እንደምትለካ ቢጠይቋት «እጄ ለምዶት» ትላለች። በ1953 እ.ኤ.አ. የሂፖካምፐሱ (አዲስ ትውስታ የሚቀርጸው የአንጎል አካል) ትልቅ ክፍል በሁለቱም ወገን የተወገደለት ሄንሪ ሞላይሰን፣ በመስታወት እያየ ኮከብ መሳልን ቀን በቀን እያሻሻለ ሄዷል፤ ከዚያ በፊት መሳሉን ግን አያውቅም ነበር። ለዚህ «የክህሎት ትውስታ» ይበሉ።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው «ዝክር» ነበር። ግእዙ «ዘከረ» ከዕብራይስጡ «ዛኻር»፣ ከዐረብኛውም «ዘከረ» ጋር ዘመድ ነው፤ ተዝካር፣ ቤተ መዘክር፣ ዘካርያስ የሚለው ስም ሳይቀር ከዚያው ሥር ናቸው። እንዲህ ያለ ሥር ያለው ቃል ተትቶ ሌላ መያዙ ይቆጨኛል። ነገር ግን የዛሬ ሰው «ዝክር» ሲባል ጠላና ዳቦ የቀረበበት የቅዱስ መታሰቢያ ነው የሚታየው፤ «የአጭር ጊዜ ዝክር» ቢሉት አይገባውም። ወደድኩም ጠላሁም «ትውስታ» ቦታውን ይዟል፤ በፈተና ወረቀትዎ ላይም እሱን ይጻፉ።