ለዲስክ መጽሔት የተላከ የፔትስኪ ስዕል ለምን ይበላሻል?

ጥያቄ፦ ለአንድ የኮሞዶር 64 (የ1980ዎቹ የቤት ኮምፒዩተር) ዲስክ መጽሔት፣ ማለትም በዲስክ ተሰራጭቶ በማሽኑ ላይ ለሚነበብ መጽሔት፣ የሽፋን ስዕልና ሁለት ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅቼ ላክሁ። ስዕሉን በፔትስኪ (የኮሞዶር የቁምፊ ኮድ) ኤዲተር ሠርቼ፣ ተከታታይ ፋይል አድርጌ ነው ያወጣሁት። እኔ ጋ ሲታይ እንከን የለውም። በመጽሔቱ ውስጥ ሲከፈት ግን ክብ ማዕዘኖቹና ልቦቹ የላቲን ፊደል ሆኑ። በጥቅስ ምልክት ከከበብሁት ርዕስ ጀምሮ የማላውቃቸው ምልክቶች ገብተው ስዕሉ ወደ ቀኝ ተንሸራተተ፤ ላይኛው ረድፍም ጠፋ። በጽሑፉ ላይ ደግሞ ትልቁ ፊደል ትንሽ፣ ትንሹ ትልቅ ሆኗል። አዘጋጁ አስተካክለህ ላክ ብሎኛል፤ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ስዕሉን እንደገና መሥራት አያስፈልግዎትም። ማዕዘኖቹንና ልቦቹን ብቻ ይነካኩና የቀረውን በአወጣጡ ላይ ያስተካክሉት። የገለጹት ችግር አራት ይመስላል እንጂ በስዕሉ ላይ የታዩት ሦስቱ የሚመነጩት ከአንድ ነገር ነው፦ ስክሪን እንደ ጽሑፍ ተቆጥሮ ተላከ። የኮሞዶር 64 ስክሪን ጽሑፍ አይደለም። 40 በ25 ሕዋስ (አንድ ቁምፊ የሚይዝ ቦታ)፣ ማለትም 1000 የቁምፊ ቁጥሮች፣ 1000 የቀለም ቁጥሮች፣ ከእነርሱም ጋር ሦስት መቼቶች ናቸው፦ የጠርዝ ቀለም፣ የዳራ ቀለምና የትኛው የቁምፊ ስብስብ እንደሚሠራ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ተቀባዩ በግምት ይሞላዋል፤ ግምቱም ከእርስዎ ሐሳብ ጋር የሚገጥመው አልፎ አልፎ ነው።

መጀመሪያ ልቦቹን እንያቸው። ማሽኑ ሁለት የቁምፊ ስብስብ አለው። አንደኛው ትልቁን የላቲን ፊደልና ሥዕላዊ ምልክቶችን ይይዛል፤ ሁለተኛው ትንሹንም ትልቁንም ፊደል ይይዛል። የሜሞሪ አድራሻ 53272 ላይ 21 ከተጻፈ የመጀመሪያው፣ 23 ከተጻፈ ሁለተኛው ይሠራል። ኤዲተሮች አዲስ ስክሪን ሲከፍቱ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ይሰጣሉ፤ መጽሔት ግን ረጅም ጽሑፍ የሚነበብበት ስለሆነ ሁለተኛውን ይመርጣል። የቁምፊ ቁጥሩ ሳይለወጥ መልኩ ብቻ ተለወጠ ማለት ነው። በሥዕላዊው ስብስብ ልብ 83 ነው፤ በሁለተኛው 83 ትልቁ ኤስ ነው። ሙሉው ክብ 81 ኪው ይሆናል። አራቱ ክብ ማዕዘኖች 85፣ 73፣ 74 እና 75 ደግሞ ዩ፣ አይ፣ ጄ እና ኬ ሆነው ይወጣሉ።

ስለዚህ ብዕር ከማንሳትዎ በፊት አዘጋጁን ገጹ በየትኛው ስብስብ እንደሚታይ ይጠይቁ። መልሱ ሁለተኛው ከሆነ በሁለቱም ስብስቦች መልካቸው በማይለወጥ ቁምፊዎች ብቻ ይሣሉ። ለማስታወስ አይከብድም፦ ከ1 እስከ 26 ያሉት ትልቅ የነበሩት ትንሽ ፊደል ይሆናሉ፤ ከ65 እስከ 90 ያሉት ሥዕሎች ትልቅ ፊደል ይሆናሉ፤ ከዚህ ሌላ 94፣ 95፣ 105 እና 122 ብቻ ይለወጣሉ። ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቆያል፤ ከ128 በላይ ያሉትም የእነዚሁ ግልባጮች (የቁምፊውና የዳራው ቀለም የተለዋወጠባቸው) ስለሆኑ ያንኑ ሕግ ይከተላሉ። 95 እና 105 ሰያፍ የተቆረጡ ሦስት ማዕዘኖች ናቸው። የጣሪያ ወይም የተራራ ዘንበል ሲሠሩ እጅ ቶሎ ወደ እነርሱ ይሄዳል፤ በሁለተኛው ስብስብ ግን ሰያፍ ጭረት ሆነው ይቀራሉ።

በእርስዎ ስዕል ላይ የሚበቃው ለውጥ ይህ ነው፦ 85ን በ112፣ 73ን በ110፣ 74ን በ109፣ 75ን በ125 ይተኩ። ማዕዘኑ ከክብ ወደ ቀጥ ይለወጣል፤ አግድም መስመሩ 64 እና ቁም መስመሩ 93 ግን ሳይነኩ ይገጥሙታል። ልቡን በሩብና በግማሽ ብሎኮች፣ ማለትም በ97፣ 98፣ 108፣ 123፣ 124፣ 126፣ 127 እና በግልባጮቻቸው፣ ሁለት ሦስት ሕዋስ ሰፋ አድርገው ይገንቡት። በእኔ እይታ እንዲያውም ለሽፋን ይህ ይሻላል፤ አንድ ሕዋስ የያዘች ልብ ከሩቅ ነጥብ ናት።

ተንሸራተተ ያሉት ደግሞ ከተከታታይ ፋይሉ የመጣ ነው። ተከታታይ ፋይል ስክሪኑን እንደ ፕሪንት (ወደ ስክሪን የማተሚያ) ትእዛዝ ፍሰት ነው የሚያስቀምጠው፤ ኮዶቹም ከላይ ከተጠቀሱት የስክሪን ቁምፊ ቁጥሮች የተለዩ ናቸው፦ ቀለም ለመቀየር አንድ ኮድ፣ ግልባጭ ለመጀመር 18፣ ለማቆም 146፣ በመካከል ቁምፊው። ተቀባዩ ፕሮግራም በተራ ያትማቸዋል። ኮድ 34፣ የጥቅስ ምልክቱ፣ ሲታተም ግን ማሽኑ ወደ ጥቅስ ሁኔታ ይገባል፤ ሌላ ጥቅስ ወይም የመስመር መመለሻው 13 እስኪመጣ ድረስ የቀለም ኮዶችን አይፈጽማቸውም፣ እንደ ግልባጭ ምልክት ያሳያቸዋል። የማያውቋቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው። እያንዳንዳቸውም አንድ ሕዋስ ስለሚወስዱ የተከተለው ሁሉ ወደ ቀኝ ተገፋ። በርዕሱ ውስጥ ፊደላቱን እየለያዩ ቀለም ቀብተው ከሆነ ግፊቱ የዚያኑ ያህል ይበዛል።

ላይኛው ረድፍ የጠፋው ደግሞ 1000ኛው ሕዋስ ስለታተመ ነው። ጠቋሚው (ከርሰሩ) ከመጨረሻው ሕዋስ ወጥቶ የሚሄድበት ቦታ ሲያጣ ስክሪኑን ወደ ላይ ያንሸራትታል። ማሽኑ ተያያዥ ሁለት ረድፎችን እንደ አንድ የ80 ቁምፊ መስመር ሊቆጥር ስለሚችል አንዳንዴ ሁለት ረድፍ በአንድ ጊዜ ይሄዳል።

መጽሔቱ በግድ ተከታታይ ፋይል የሚፈልግ ከሆነ ሦስት ነገር ይጠብቁ። 34ን ትተው በነጠላው 39 ይጠቀሙ፣ ወይም አዘጋጁ ከእያንዳንዱ 34 በኋላ አድራሻ 212 ላይ 0 እንዲጽፍ ያድርጉ፤ የጥቅስ ሁኔታው ምልክት የሚቀመጠው እዚያ ነው። ቀኝ ታችኛውን ሕዋስ ባዶ ይተዉት፤ መሙላት ግድ ከሆነ 999 ታትመው ካለቁ በኋላ የመጨረሻው በቀጥታ አድራሻ 2023 ላይ፣ ቀለሙም 56295 ላይ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ 40 ሕዋስ ከሞላው ረድፍ በኋላ 13 አይጨምሩ፤ ጠቋሚው በራሱ ወርዷልና ባዶ ረድፍ ይገባል።

ምርጫው የእርስዎ ከሆነ ግን ተከታታይ ፋይሉን ይተዉና ጥሬውን ሰንጠረዥ ይላኩ። ፔትሜትን የመሰሉ ኤዲተሮች ስክሪኑን በሲ ቋንቋ ሰንጠረዥ ያወጣሉ፤ ቅደም ተከተሉም ጠርዝ፣ ዳራ፣ ከዚያ 1000 ቁምፊ፣ ከዚያ 1000 ቀለም ነው። የቁምፊ ስብስቡ ግን ከቁጥሮቹ መካከል የለም፤ ከታች በማስታወሻ መስመር ላይ ነው የሚጻፈው። ሰንጠረዡ ወደ ፋይል ሲቀየር ማስታወሻው ይወድቃል። ብዙ ስዕል ፊደል ሆኖ የሚወጣው በዚህች ጉድለት ነው፤ ስለዚህ ስብስቡን ራስዎ ቁጥር አድርገው ይጨምሩት።

ለፋይሉ የምመክረው አቀማመጥ የሚከተለው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች የመጫኛ አድራሻ ናቸው፤ ለ49152 መጀመሪያ 0 ቀጥሎ 192 ይጻፋል፣ ትንሹ ባይት ይቀድማልና። ከ49152 ቁምፊዎቹ፣ ከ50152 ቀለሞቹ፣ ከ51152 ጠርዝ፣ ዳራ እና የ53272 ዋጋ። በጠቅላላው 2005 ባይት ነው። አንድ የዲስክ ብሎክ 254 ባይት ስለሚይዝ 8 ብሎክ ይወስዳል። በ1541 ድራይቭ ባዶ ዲስክ ላይ 664 ብሎክ ነው ያለው፤ 20 እንዲህ ያሉ ስክሪኖች ሳይታመቁ ቢቀመጡ ሩቡን ሊበሉት ነው። አዘጋጆች ስለ መታመቅ የሚጨነቁት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ስዕል ሠሪው ሊያግዝ ይችላል። ባዶ ሕዋስ፣ ቁምፊ 32፣ ቀለሙ ስለማይታይ ብዙዎች ይረሱታል። ሲሥሉና ሲያጠፉ ከሥር የቀሩ 5፣ 14፣ 2፣ 7 የሚሉ ቀለሞች በየሕዋሱ ተበታትነው ይቆያሉ። ማመቂያው ተመሳሳይ ቁጥር ሲደጋገም ነው የሚያሳጥረው፤ የማይታየው ዝብርቅርቅ ያንን ያበላሽበታል። መጽሔቱ በባዶው ቦታ ላይ የገጽ ቁጥር ቢጽፍበት ደግሞ ፊደሉ ዥንጉርጉር ሆኖ ይወጣል። ከማውጣትዎ በፊት 32 የሆኑትን ሕዋሳት ሁሉ በአጠገባቸው ባለው ቀለም ወይም በአንድ ዓይነት ቀለም ይሙሏቸው።

ስክሪኑን ከማሽኑ ሜሞሪ ቀድተው የሚያስቀምጡ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። ከ1024 ጀምሮ ሙሉ 1024 ባይት አይቅዱ፤ 1000 ላይ ያቁሙ። ከ2040 እስከ 2047 ያሉት ባይቶች የስፕራይት (በስክሪኑ ላይ ራሱን ችሎ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ምስል) ጠቋሚዎች ናቸው። መጽሔቱ ቀስቱን በስፕራይት የሚያሳይ ከሆነ ፋይልዎ ሲጫን ቀስቱ ወደ ትርጉም የለሽ ነጠብጣብ ይለወጣል፤ አዘጋጁም ስህተቱን በራሱ ፕሮግራም ውስጥ ሲፈልግ ይውላል። ከ55296 ጀምሮ ያለው የቀለም ሜሞሪም ለእያንዳንዱ ሕዋስ 4 ቢት ብቻ ነው ያለው፤ ሲነበብ የላይኞቹ 4 ቢቶች የማይታመን ነገር ይሰጣሉ። ለ16 ሲካፈል የሚተርፈውን ብቻ ያስቀምጡ።

ከመላክዎ በፊት በኢሙሌተር (ማሽኑን አስመስሎ በሚሠራ ፕሮግራም) ይሞክሩት፤ በኤዲተሩ መስኮት ማየት አይበቃም። ፋይሉን ዲስክ ምስል ውስጥ አስገብተው በሎድ ትእዛዝ መጨረሻ 8,1 ብለው ይጫኑ። ቀጥሎ ኒው ይበሉ። ኒው ካላሉ ቤዚክ (የማሽኑ የፕሮግራም ቋንቋ) የፕሮግራሙን መጨረሻ 51155 ላይ እንደሆነ ስለሚያስብ ሜሞሪ አልቋል የሚል ስህተት ይሰጣል። ስዕሉ 49152 ላይ ስለሆነ ኒው አይነካውም። ከዚያ አጭር ፕሮግራም ይጻፉ፦ በ51152፣ 51153 እና 51154 ያለውን ወደ 53280፣ 53281 እና 53272 ይገልብጡ፤ ከ0 እስከ 999 በሚቆጥር ዙር ከ49152 ወደ 1024፣ ከ50152 ወደ 55296 ይገልብጡ። መጨረሻው መስመር ወደ ራሱ የሚመለስ ጎቱ ይሁን፤ አለዚያ ማሽኑ ዝግጁ ነኝ ብሎ በስዕሉ ላይ ይጽፍበታል። ቤዚክ ዝግ ያለ ስለሆነ ስዕሉ ሕዋስ በሕዋስ ሲወጣ ይታያል፤ ችግር አይደለም።

በዚሁ ሙከራ ላይ ዳራውን ይቀይሩና ይመልከቱት። ዳራ ለመላው ስክሪን አንድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚወስነውም መጽሔቱ ነው። በጥቁር ላይ በግማሽ ብሎክ የተሠራ ፊት በሰማያዊ ላይ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል። የራስዎ ጥቁር ግድ ከሆነ በቁምፊ 160፣ በሙሉው ብሎክ፣ ጥቁር ቀለም ቀብተው ይሥሩት። ብርሃናቸው እኩል የሆኑ ቀለሞችንም ጎን ለጎን ሲያደርጉ ይጠንቀቁ። በኋለኞቹ የቪዲዮ ቺፖች ሰማያዊና ቡናማ፣ ቀይና ጥቁር ግራጫ፣ ወይን ጠጅና ብርቱካን፣ አረንጓዴና ፈዛዛ ቀይ የብርሃን መጠናቸው አንድ ነው። ለጥላ ማለስለሻ ድንቅ ናቸው፤ ለፊደልና ለዳራው ግን አይሆኑም፣ ጽሑፉ ይዋጣል።

የጽሑፉ ነገር አጭር ነው። በዘመናዊ ኮምፒዩተር የተጻፈ ፋይል በአስኪ (በተለመደው የላቲን ፊደል ኮድ) ነው፤ ከ65 እስከ 90 ያለው በአስኪ ትልቅ ፊደል፣ በፔትስኪ የፕሪንት ኮድ (ከስክሪን ቁምፊ ቁጥሩ የተለየ ነው) በሁለተኛው ስብስብ ደግሞ ትንሽ ፊደል ነው። ስለዚህ ሳይቀየር ከሄደ ይገለባበጣል። ሲቀይሩ የአስኪውን ትንሽ ፊደል 32 ይቀንሱለት፣ ለትልቁ 128 ይጨምሩለት፤ የመስመር መጨረሻውን 10 በ13 ይተኩ። ባክስላሽ የፓውንድ ምልክት፣ አንደርስኮር የግራ ቀስት ሆነው ይወጣሉ። የተጠማዘዙ የጥቅስ ምልክቶችን ቀድመው ያስወግዱ። መስመሩን ከ39 ቁምፊ አያሳልፉ፤ መጽሔቱ ኅዳግ ካለው ከዚያም ያነሰ ሊሆን ይችላል፣ ይጠይቁ።

ከፋይሎቹ ጋር የስዕሉን ምስል ለማመሳከሪያ፣ የመጫኛ አድራሻውን፣ የሦስቱን መቼቶች ዋጋና የባይቶቹን ቅደም ተከተል በአንድ ማስታወሻ ላይ ጽፈው ይላኩ። የፋይል ስም ከ16 ቁምፊ እንዳይበልጥ፤ በስሙ ውስጥ ኮማ፣ ሁለት ነጥብ፣ ኮከብና የጥያቄ ምልክት አይግቡ፣ ድራይቩ እንደ ትእዛዝ ነው የሚያነባቸው።