ቅየሳ መማር እፈልጋለሁ፤ ትሪግኖሜትሪ ግን ያስፈራኛል

ውድ እህቴ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤትሽ ዩኒቨርሲቲ ስላላስገባሽ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ቅየሳ ለመማር እንዳሰብሽ፣ ሳይን፣ ኮሳይንና ታንጀንት ሲነሱ ግን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ግራ እንደሚገባሽ ጽፈሽልኛል። አንድ ዘመድሽም «ዛሬ ሁሉንም መሣሪያው ያሰላል፣ አትጨነቂ» ብሎሻል። ሙያውን ልተወው ወይስ የዘመዴን ቃል ይዤ ልመዝገብ የሚል ነው ጥያቄሽ። ተመዝገቢ እላለሁ፤ ዘመድሽ በሰጠሽ ምክንያት ግን አይደለም።

ቶታል ስቴሽን፣ ማለትም ቀያሾች ርቀትና ማዕዘን የሚለኩበት ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ፣ በእርግጥ ያሰላል። በሚለካው ነጥብ ላይ ወደሚቆመው ፕሪዝም (ጨረር መልሶ የሚያንጸባርቅ መስታወት) ጨረር ልኮ ርቀቱን ይለካል፣ ማዕዘኑን ያነባል፣ አግድም ርቀቱንና የከፍታ ልዩነቱንም ወዲያውኑ ያሳያል። ይሁን እንጂ የመሣሪያውንና የፕሪዝሙን ቁመት ለክተሽ የምታስገቢለት አንቺ ነሽ። የመሣሪያው ቁመት 1.50 ሜትር ሆኖ ሳለ በችኮላ 1.05 ብለሽ ብታስገቢ፣ ከዚያ ቦታ የሚነበበው ከፍታ ሁሉ በ45 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይመዘገባል፤ መሣሪያውም ስህተት መኖሩን አይነግርሽም። የተመዘገበው ቁጥር መሬቱ ላይ ከምታዪው ጋር አለመስማማቱን የምትጠረጥሪው ስሌቱ ከምን ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ካወቅሽ ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር ልስጥሽ። በተዳፋት ላይ ያለ ቦታ ወሰን ስትለኪ ከታችኛው እስከ ላይኛው ምልክት ያለው ርቀት መሬቱን ተከትሎ 80 ሜትር ሆነ እንበል፤ የተዳፋቱ ማዕዘን 12 ዲግሪ ነው። በፕላን ላይ የሚሰፍረው አግድም ርቀት ስለሆነ 80ን በ12 ዲግሪ ኮሳይን፣ ማለትም በ0.9781 ስታባዢው 78.25 ሜትር ታገኛለሽ። 80 ብሎ የጻፈ ሰው ከጎረቤት ይዞታ 1.75 ሜትር ወስዷል ማለት ነው። ተዳፋቱ 5 ዲግሪ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። ማዕዘኑ ከሁለት እጥፍ ትንሽ በለጠ፤ ስህተቱ ግን ወደ ስድስት እጥፍ አደገ። ለዚህ ነው ሜዳ ላይ የለመደ ሰው ኮረብታ ላይ በግምት ሲሠራ የሚሳሳተው።

አሁን ደግሞ ተማሪዎችን በተደጋጋሚ የሚያደናቅፈውን ልንገርሽ። ብዙ ቶታል ስቴሽኖች በተለመደው አሠራራቸው ማዕዘንን የሚቆጥሩት ከአግድም መስመር ሳይሆን ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ከሚያመለክተው መስመር ነው። ስለዚህ ያው የ12 ዲግሪ ተዳፋት የመሣሪያው ስክሪን ላይ 78 ዲግሪ ሆኖ ይታያል። «አግድም ርቀት ሲባል ኮሳይን» ብሎ የሸመደደ ተማሪ 80ን በ78 ዲግሪ ኮሳይን አባዝቶ 16.63 ያወጣል፤ ይህ ደግሞ አግድም ርቀቱ ሳይሆን የከፍታው ልዩነት ነው። ሦስት ማዕዘኑን በወረቀት ላይ የሣለች ተማሪ ግን የምትፈልገው ጎን ከ78 ዲግሪው ፊት ለፊት መሆኑን ታያለች፤ ፊት ለፊት ያለ ጎን ሲካፈል ለሃይፖተኑስ (ከቀጥተኛው ማዕዘን ፊት ለፊት ላለው ረጅሙ ጎን) ሳይን ስለሆነ በሳይን አባዝታ 78.25 ታገኛለች። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ያስፈራሽ ሒሳቡ ሳይሆን ቀመሩ ያለ ሥዕል ለቃል ጥናት መቅረቡ ነው። ይህ ደግሞ በልምምድ የሚስተካከል ነገር ነው።

ምዝገባ እስኪደርስ በእጅሽ ሞክሪው። ፕሮትራክተር መሐል ላይ ክር አስረሽ ጫፉ ላይ ብሎን አንጠልጥዪና በቀጥተኛው ጠርዙ በኩል የአንድ ምሰሶ ጫፍ ተመልከቺ፤ ክሩ ከ90 ምን ያህል እንደራቀ ስታነቢ ማዕዘኑን ታገኛለሽ። ከምሰሶው 10 ሜትር ርቀሽ 38 ዲግሪ ካነበብሽ የ38 ዲግሪ ታንጀንት 0.7813 ስለሆነ ከዓይንሽ በላይ ያለው ቁመት 7.81 ሜትር ነው፤ ከመሬት እስከ ዓይንሽ ያለውን መጨመር እንዳትረሺ። ከዚያ 39 ዲግሪ ብታነቢ ኖሮ ምን ይመጣ እንደነበር አስቢ፤ 29 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል። አንድ ዲግሪ ምን ያህል እንደሚያሳስት በራስሽ እጅ ማየትሽ ብዙ ገጽ ከማንበብ ይሻላል። ካልኩሌተርሽም ዲግሪ ላይ እንጂ ራዲያን ላይ አለመሆኑን ሁልጊዜ አረጋግጪ፤ የተዳፋቱን ምሳሌ በራዲያን ብትሠሪው 67.5 ሜትር ይሰጥሻል፤ ቁጥሩ እውነት ስለሚመስል ስህተቱን ሳታዪው ልታልፊ ትችያለሽ።

ይህ እውቀት ከቅየሳ ውጭም ይጠቅምሻል። በ15 ዲግሪ የሚያዘቀዝቅ ጣራ የሚሠራ አናጺ የቤቱ ግማሽ ስፋት 4 ሜትር ከሆነ ወራጁ (ተዳፍቶ ጣራውን የሚሸከመው እንጨት) ከግድግዳ ውጭ የሚወጣውን ሳይጨምር 4.14 ሜትር እንደሚሆን በዚሁ መንገድ ያሰላል።

ኮሌጅ ስትመርጪ ከክፍያው በፊት የምትጠይቂው አለ። ለስንት ተማሪ ስንት ቶታል ስቴሽን እንዳለ፣ መሣሪያዎቹ እንደሚሠሩ፣ እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት ስንት ሰዓት ራሱ መስክ ላይ አቁሞ እንደሚለካ፣ እንዲሁም ለብቃት ምዘና የሚያዘጋጅ ልምምድ እንዳለ ጠይቂ። ከተቻለም እዚያ የሚማሩትን አግኝተሽ ሌሎች ሲለኩ ቆመው ማየት ብቻ እንዳልሆነ አጣሪ። መልሱ ደካማ ከሆነ ሕንፃው ቢያምርም ሌላ ኮሌጅ ፈልጊ።